«አንተ! እንዴት ተመችቶሃል!»
ስለ ስደት ቦርጭና ስለ ምግብ የምናወራቸው ተረቶች

በቅርቡ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በተደረገ ሰርግ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ በዓይን ያላየሁት የአገሬ ልጅ ገጠመኝ። ገና ከሩቅ እጁን ዘርግቶ «አንተ! እንዴት ተመችቶሃል!» አለኝ። እኔም ሆዱን መታ መታ አድርጌ «ኧረ አንተ ትብሳለህ!» አልኩት። ተሳሳምን፣ ተሳሳቅን። ምግብ ቀርቦ እኔ ሳህኔን ይዤ ወደ ክትፎው ሳመራ ግን እሱ ከወንበሩ አልተነሳም። ከኮቱ ኪስ ትንሽ የስኳር መለኪያ አወጣና ጣቱን ወጋ አደረገ። ዕድሜው ገና 44 ነው።

የወዳጄ ታሪክ የብዙዎቻችን ታሪክ ስለሆነ ላውጋችሁ። ሥራው ታክሲ መንዳት ነው። በቀን 12 ሰዓት መሪ ጨብጦ ይውላል። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሙ የስኳር በሽታ እንዳለበት ነግሮት ክኒን አዘዘለት፤ ክብደቱንም እንዲቀንስ መከረው። እሱም ጭንቀቱን ይዞ ወደ ወገን መጣ። አንዱ «ሎሚ በሙቅ ውሃ በባዶ ሆድህ ጠጣበት፣ ስቡን ሙልጭ አድርጎ ያወጣዋል» አለው። ሌላው «እንጀራ ብቻ ብላ፣ ጤፍ ስኳር የለውም» ሲል መሰከረ። አንዲት ደግ እናት ደግሞ ከአገር ቤት የመጣላቸውን የሽፈራው ቅጠል በፌስታል ቋጥረው ሰጡት። ይህን ሁሉ ሲይዝ ክኒኑን ተወ። በአራተኛው ወር ውሃ ጥሙ አልቆርጥ፣ ዓይኑም ብዥ ብሎ መንገዱ አልታይ ሲለው መኪናውን ዳር አቁሞ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ዓይኑ ተርፏል። ብዙ ሌሊት ግን እንቅልፍ አጥቷል።

በወዳጄ ለመፍረድ አቅሙ የለኝም። ጋዜጠኛ በነበርኩበት ዘመን ቀበቶዬ የሚያዝበት ቀዳዳና ዛሬ የሚያዝበት ቀዳዳ አይተዋወቁም። የእኔም ሐኪም «ስኳርህ ወሰኑ ላይ ደርሷል» ብሎኛል። ስለዚህ እንደ ድሮው የሙያ ልማዴ ተቀምጬ አነበብኩ፣ የሚያውቁትን ጠየቅሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያገኘሁትን ግን ለእናንተ ማካፈል ይገባኛል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በየቀኑ ፋሲካ

በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችንን አስታውሱ። አገራቸው ሳሉ የስኳር በሽታ እምብዛም አያውቃቸውም ነበር። እስራኤል ገብተው ጥቂት ዓመታት ሲኖሩ ግን በሽታው በፍጥነት እንደተስፋፋባቸው የአገሪቱ ሐኪሞች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጽፈዋል። ኋላ የመጡ ጥናቶችም ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸውና ያን ያህል ሳይወፍሩ እንደሚታመሙ አሳይተዋል።

ደማችን በአውሮፕላን ተሳፍሮ ሲመጣ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። አገር ቤት ሥጋና ቅቤ የዓመት በዓል ነበር፤ ገበያና ትምህርት ቤት በእግር ነበር። እዚህ በየቀኑ ፋሲካ ነው፤ እግራችን ደግሞ ከነዳጅ መርገጫ ሌላ ሥራ የለውም። ከዚህ ላይ «ተመችቶሃል» የሚባለው ምርቃት ሲጨመር ቦርጫችንን እንደ ሹመት ተሸክመን እንዞራለን። ችግሩን ይበልጥ የሚያከብዱት ደግሞ ከቡና ስኒ ዙሪያ የማይጠፉት ተረቶች ናቸው።

«ጤፍ ስኳር የለውም»

ጤፍ የሌለው ግሉተን ነው፤ ይኸውም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። ግሉተን የለውም ማለት ግን ስኳር አይሆንም ማለት አይደለም። ጤፍ እንደ ማንኛውም እህል አብዛኛው ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ይሆናል። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 365 ካሎሪ ይሰጣል፤ የስንዴ ዱቄትም ያንኑ ያህል ነው። በፋይበር ጤፍ ከነጭ ዳቦ ይሻላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እዚህ የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ፣ ገብስ ወይም ሩዝ የተቀላቀለበት መሆኑን አንርሳ። እንጀራን መርገም አያስፈልግም፤ ስንት ጥቅል እንደበላን መቁጠር ግን ያስፈልጋል።

«ሎሚ ስብ ያቀልጣል»

አያቀልጥም። ኮምጣጤም፣ ዝንጅብልም፣ ሽፈራውም የሆድ ስብ መርጠው የሚያቃጥሉ አይደሉም። ሎሚ በውሃ የሚጠቅመው በለስላሳ ፋንታ ከተጠጣ ነው። ሳውና ገብቶ በላብ የሚቀንሰውም ክብደት ውሃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ይመለሳል። በቁርስ ፋንታ ሆድ የሚያፍተለትል ስፖርት መሥራትም ጡንቻውን ያጠነክራል እንጂ በላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያነሳም።

«የወይራ ዘይት እኮ አያወፍርም»

ይህች ተረት ቤታችንን ያጠፋች ናት። የወይራ ዘይት ለልብ ከቅቤ ይሻላል፤ በክብደት በኩል ግን ዘይት ሁሉ ወንድማማች ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን ደግሞ 4 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከወይራም ይሁን ከሱፍ፣ ወደ 120 ካሎሪ አለው። ንጥር ቅቤም ከዚያ አይርቅም።

እንግዲህ ወደ ድስታችን እንምጣ። የምስር ወጥ ሲሠራ አንድ ኩባያ ዘይት ተንቆርቁሮ ሽንኩርት ይቁላላል እንበል። አንድ ኩባያ 16 የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ይህም ወደ 1,900 ካሎሪ ይሆናል። ወጡን አራት ሰው ቢጨርሰው እያንዳንዱ ምስሩንና እንጀራውን ሳንቆጥር ከዘይቱ ብቻ 475 ካሎሪ ጠጥቷል ማለት ነው። የምስሩ ጥፋት የለበትም፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 230 ካሎሪ ያህል ቢኖረው 18 ግራም ፕሮቲንና ብዙ ፋይበር ይሰጣል። ጥሩውን ምግብ ዘይት ውስጥ ያሰጠምነው እኛ ነን። እናቶቻችን ሽንኩርቱን በደረቁ እያማሰሉ፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ አቁላልተው ዘይቱን በመጨረሻ በጥቂቱ ይጨምሩ የነበረው ብልሃት ዛሬም ይሠራል።

«ጁስ ፍራፍሬ አይደለም እንዴ?»

ባለ 355 ሚሊ ሊትር ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ አሥር የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ይህን የሰማ ሰው ወደ ብርቱካን ጁስ ይሸሻል፤ አንድ ብርጭቆ ጁስ ግን ወደ 20 ግራም ስኳር ይዞ ይጠብቀዋል። ብርቱካኑን ልጦ መብላት ሌላ ነው፤ ፋይበሩ ሆድ ይሞላል፣ ስኳሩም በዝግታ ይገባል። ቡናችንንም እንይ። ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው በአንድ ቁጭታ ስድስት ማንኪያ ስኳር ጨርሷል።

«የምበላው በቀን አንዴ ነው፤ ከየት መጣ?»

ይህን የሚለው ሰው አይዋሽም። በእኛ ቋንቋ «በላሁ» ማለት እንጀራ በላሁ ማለት ነው። ጠዋት ጣፋጭ ማኪያቶ፣ ረፋድ ላይ ከነዳጅ ማደያ የተገዛ ኬክ፣ ከሰዓት በኋላ የድንች ጥብስና ለስላሳ «መብላት» ውስጥ አይገቡም። ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ ከሥራ ሲገባ ሁለት ሙሉ እንጀራ በወጥ ይጠቀለላል፤ ወዲያው መኝታ ነው። ፈረንጆቹም ከእኛ አይሻሉም። በ1992 የወጣ አንድ የኒው ዮርክ ጥናት «ጥቂት እየበላን መክሳት አቃተን» የሚሉ ወፍራም ሰዎችን ቢመረምር፣ ከሚበሉት 47 በመቶ ያህሉን ሳይናገሩ እንደቀሩ ተገኝቷል። አውቀው የደበቁ አልነበሩም። ቆጠራው ነው ያመለጣቸው።

«እየጾምኩ እንዴት እወፍራለሁ?»

ጾሙን ለነፍስ ስለሆነ አልነካውም። ለሥጋ ግን ለስላሳም ጾም ነው፤ በዘይት የተጠበሰ ድንችም፣ ፓስታም፣ የጾም ኬክም ጾም ነው። 55 ቀን ሁዳዴ በእነዚህ ያለፈ ሰው በፋሲካ ማግስት ሚዛን ላይ ቢወጣ መደንገጡ አይቀርም። በረመዳንም ቢሆን በየምሽቱ የሳምቡሳ ሰሃንና የጁስ ማሰሮ ከቀረበ ውጤቱ ያው ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቆሎ ይዞ ዘይቱን ለቀነሰ ግን ጾማችን ፈረንጅ በገንዘብ የሚገዛው ምግብ ነው። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ጾም ከመያዙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

«እንጀራ ማቆም ነው» የሚሉና «ስብ ማቆም ነው» የሚሉ ወገኖች መቼም አይስማሙም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ስታርች፣ ግማሹን ስብ አስቀንሰው አንድ ዓመት ተከታተሏቸው። በ2018 የወጣው ውጤት አንዱ ወገን በአማካይ 6.0፣ ሌላው 5.3 ኪሎ እንደቀነሰ ያሳያል፤ ልዩነት የሚባል አይደለም። ዋናው ነገር ከሚያወጡት አሳንሶ ማስገባት፣ ለዚህም አብሮት የሚኖሩትን አመጋገብ መምረጥ ነው። ዛሬ ክብደት የሚያስቀንስ መርፌም አለ፤ ለሚገባው ሰው ይሠራል። እሱ ግን ከሐኪም እንጂ ከጓደኛ ማቀዝቀዣ አይወሰድም።

እኔን ያበረታኝ ሌላ ጥናት ነው። እዚህ አሜሪካ ስኳራቸው ወሰኑ ላይ የደረሰ 3,234 ሰዎች ተከፋፍለው ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2002 ወጣ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ በተደረጉት ላይ የስኳር በሽታ መያዝ በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን ደግሞ በ31 በመቶ ቀንሶታል። ሰባት በመቶ ማለት 200 ፓውንድ ለሚመዝን ሰው 14 ፓውንድ ነው። ሞዴል ሁኑ ያለን የለም።

በቤታችን ሲተረጎም ይህን ይመስላል፦ የድስቱን ዘይት በግማሽ መቀነስ። ከማዕዱ ግማሹን ጎመንና ሰላጣ ማድረግ፣ እንጀራውን ቆጥሮ መጀመርና የተጨማሪውን ጥቅል ሩብ ሰዓት ማዘግየት። ለስላሳና ጁስን በውሃ መተካት። በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ መራመድ፤ ታክሲ ነጂው ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ቢዞር ይሆንለታል። ሚዛን ለሌለው ደግሞ ገመድ ይበቃል። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡን ከ85 በታች ይጠብቅ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከባዱ ሥራ ጉርሻው ነው። «በሞቴ! ካልበላህልኝ!» ብላ የምትለምንን እናት እምቢ ማለት ከልጅነታችን አልተማርንም። ነገር ግን እናቶቻችንም ይህን ይስሙን፤ ስኳር ያለበትን እንግዳ በሦስተኛ ጉርሻ ማስጨነቅ ፍቅር አይሆንለትም። «በቃኝ» ሲል «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መቀበል ያው እንግዳ ማክበር ነው።

ወዳጄ ያን ዕለት ልኬቱን አንብቦ ሲያበቃ ጎመን፣ ትንሽ ጥብስና አንድ ጥቅል እንጀራ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ክኒኑን ዛሬ አይዘልልም። እኔም የሞላሁትን ሳህን አየሁና ግማሹን መለስኩ። በሚቀጥለው ሰርግ «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልቀየመውም።