ቁርጠኝነትና የጉብታው ከፍታ

የዘመን መለወጫ ሲቃረብ ብዙዎቻችን ለራሳችን ቃል እንገባለን። ከመስከረም አንድ ጀምሮ ሲጋራ አላጨስም፣ ለፈተና ብዬ ጫት አልቅምም፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት አነባለሁ እንላለን። አደይ አበባው ሳይረግፍ ግን ቃሉ ይላላል፤ ጥቅምት ሲገባ አሮጌው ልማድ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያን ጊዜ «እኔ ቁርጠኝነት የለኝም» ብለን በራሳችን ላይ እንፈርዳለን።

ለመሆኑ ቁርጠኝነት ምንድን ነው? አንዳንዱ ሰው ይዞት የሚወለድ፣ ሌላው የተነፈገው ኃይል ነውን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በመጀመሪያ በፊዚክስ መስኮት፣ ቀጥሎም በሰው ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንመለከተዋለን። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልማዝ ለምን ወደ ግራፋይት አይለወጥም?

በአንድ ኮረብታ ወገብ ላይ ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ኳስ አለ እንበል። ከኮረብታው ሥር ደግሞ ጥልቅ ሸለቆ አለ። ኳሱ ሸለቆው ውስጥ ቢሆን ኢነርጂው ያነሰ፣ አቀማመጡም የበለጠ የረጋ ይሆናል። ነገር ግን ወደ ታች ለመውረድ አስቀድሞ ወደ ላይ መውጣት፣ የጎድጓዳውን ጠርዝ ማለትም ጉብታውን መሻገር አለበት። የሚገፋው ካላገኘ ለዘመናት እዚያው ይቀመጣል። በፊዚክስ እንዲህ ያለው ሁኔታ ሜታስቴብል ይባላል።

አልማዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በተለመደው የሙቀትና የግፊት መጠን ይበልጥ የረጋው የካርቦን ዓይነት አልማዝ ሳይሆን በእርሳስ ውስጥ የምናገኘው ግራፋይት ነው። ሆኖም የማንም የአልማዝ ቀለበት ወደ እርሳስ ዱቄት ሲለወጥ አላየንም። በሁለቱ መካከል ያለው ጉብታ እጅግ ከፍ ያለ ነውና።

ልማድም እንደዚያው ነው። የሚያጨስ ወጣት ሲጋራ እንደሚጎዳው ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንባሆ ካላቆሙት ተጠቃሚዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱትን ይገድላል። ወጣቱ ከ40 ዓመት ዕድሜው በፊት ቢያቆም ደግሞ ማጨስን በመቀጠሉ ከሚመጣው ተጨማሪ የሞት አደጋ 90 በመቶ ያህሉን እንደሚያስቀር እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሰፊ ጥናት አሳይቷል። ሸለቆው የት እንዳለ የታወቀ ነው። የሸለቆውን ጥልቀት ማወቅ ግን ጉብታውን ዝቅ አያደርገውም። «ጉዳቱን እያወቀ ለምን አይተውም?» የሚለው ተግሣጽ ፍሬ የማያፈራው ስለዚህ ነው።

ማሞቅ ወይስ ጉብታውን ዝቅ ማድረግ?

ጉብታን ለመሻገር ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ማሞቅ ነው፤ የሙቀት መጠን ሲጨምር ቅንጣቶች ይበልጥ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጉብታውን የሚዘሉትም ይበዛሉ። ሁለተኛው ጉብታውን ራሱን ዝቅ ማድረግ ነው።

ስዊድናዊው ሳይንቲስት ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው የለውጡ ፍጥነት የሚወሰነው በጉብታው ከፍታና በሙቀት ኢነርጂው ንጽጽር ሲሆን፣ ግንኙነቱም ኤክስፖኔንሻል ነው። ቀላል ስሌት እንሥራ። በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጉብታው ከፍታ የሙቀት ኢነርጂውን 20 እጥፍ ያህላል እንበል። ከፍታውን በአንድ አምስተኛ ብንቀንሰው፣ ማለትም 16 እጥፍ ብናደርገው፣ ፍጥነቱ 55 ጊዜ ያህል ያድጋል። ጉብታውን ሳንነካ ይህንኑ ውጤት በማሞቅ ብቻ ለማግኘት ብንፈልግ ግን ሙቀቱን ወደ 102 ዲግሪ ማድረስ ይኖርብናል። ይህም በባሕር ወለል ከፍታ ውኃ ከሚፈላበት በላይ ነው።

በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ ጥቂት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ጣል ስናደርግ ወዲያው ኦክሲጅን ይንተከተካል። እሳት አልጨመርንም፤ ካታሊስቱ አነስተኛ ጉብታ ያለውን ሌላ መንገድ ከፈተ እንጂ።

የበዓል ሰሞን ስሜት፣ የሚያነቃቃ ንግግር፣ ከመጥፎ ውጤት በኋላ የሚመጣ ቁጭት፣ እነዚህ ሁሉ ማሞቂያዎች ናቸው። ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን የሞቀ ነገር ይቀዘቅዛል። ከሚያልፍ ሙቀት ይልቅ ዝቅ ያለ ጉብታ እንደሚሻል የሰው ጥናትም ይመሰክራል።

ከቁስ ወደ ሰው

ኩርት ሌዊን በጀርመን ተወልዶ በኋላ በአሜሪካ የሠራ የሥነ ልቡና ሊቅ ነበር። በ1947 ባሳተመው ጽሑፍ የሰውን ልማድ ወደ ለውጥ በሚገፉና ከለውጥ በሚያግዱ ኃይሎች መካከል እንዳለ ሚዛን አድርጎ አቀረበው። ገፊውን ኃይል ብቻ መጨመር ውጥረትን ያበዛል፤ አጋጁን መቀነስ ግን በአነስተኛ ውጥረት ወደ ለውጥ ያደርሳል አለ።

ሌዊን ይህን በተግባር ፈትሾታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ የቤት እመቤቶች የከብት ልብና ኩላሊት የመሳሰለውን የሆድ ዕቃ ሥጋ እንዲያበስሉ ማግባባት አስፈልጎ ነበር። ዱለት ለሚወድ አንባቢያችን ነገሩ ያስገርም ይሆናል፤ ለእነርሱ ግን ከባድ ለውጥ ነበር። ጥሩ ንግግር ከሰሙት መካከል ቀድሞ አብስለውት የማያውቁትን ሥጋ ያቀረቡት 3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በቡድን ተወያይተው በጋራ ከወሰኑት ግን 32 በመቶ ሆኑ። ብቻን መለየት አንዱ ጉብታ ነበርና በጋራ ሲወሰን ዝቅ አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂላችን እዚህ ላይ እውነት ሆኖ ይገኛል።

የበለጠ የሚያስደንቀው የቬትናም ጦርነት ተመላሾች ታሪክ ነው። ሊ ሮቢንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1971 ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን አጥንታ ነበር። እዚያ ሳሉ ከአምስቱ አንዱ ያህል የሄሮይን ወይም የመሰል አደንዛዥ ዕፆች ሱሰኛ እንደነበሩ ተናገሩ። ከእነዚህ መካከል አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ግን 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ሰዎቹ በአንድ ሌሊት ብረት ልብ አላወጡም። ቦታው፣ ባልንጀራው፣ የቀኑ ውሎና የዕፁ አቅርቦት ተለወጠ፤ ኳሱ የተቀመጠበት ምድር ሌላ ቅርጽ ያዘ።

በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን የሚከለክለው የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም የምድሩን ቅርጽ ይለውጣል። የሚያጨሰው ሰው ወደ ሲጋራው ለመድረስ አንድ ተጨማሪ ጉብታ እንዲሻገር ያደርገዋልና።

በተግባር ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ውሳኔያችንን ከጊዜና ከቦታ ጋር እናስረው። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እንዳሳየው «ጎበዝ ተማሪ እሆናለሁ» ከሚለው ይልቅ «እራት በልቼ ስነሣ ወደ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ» የሚለው ዕቅድ ይበልጥ ይፈጸማል። እርሱና ባልደረባው በ2006 የ94 ጥናቶችን ውጤት አጠቃለው የዕቅዱ ጥቅም ከመካከለኛ በላይ መሆኑን አግኝተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ እንደገና መወሰን አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ የአሮጌውን ልማድ መንገድ እናርዝመው። ሲጋራ ኪስ ውስጥ አይኑር። የፈተና ሰሞን የሚቅሙ ጓደኞች ያሉት ተማሪ የጥናት ቦታውንና ሰዓቱን ይለውጥ፤ አብሮት የሚወስን አንድ ጓደኛም ይፈልግ።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዘጋጅባቸው። ኒኮቲን በደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህም ጭንቀቱና ቁጡነቱ የሚበረቱት በመጀመሪያው ሳምንት ሲሆን፣ በአብዛኛው በሦስትና በአራት ሳምንታት ውስጥ ይበርዳሉ። ጉብታው ጫፍ እንዳለው ማወቅ አቀበቱን ለመታገሥ ይረዳል።

አዲሱ ሸለቆ እስኪጠልቅ

ጉብታውን መሻገር ብቻውን በቂ አይደለም። የወረድንበት ጎድጓዳ ገና ጥልቀት ከሌለው ትንሽ ነፋስ ወደ ኋላ ይመልሰናል። «ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» ሲባል በተደጋጋሚ እንሰማለን። አባባሉ በሰፊው የተዛመተው አሜሪካዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ማክስዌል ማልትዝ በ1960 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። እርሱ የጻፈው ግን ታካሚዎች አዲሱን መልካቸው ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀናት ያህል እንደሚፈጅባቸው እንጂ ስለ ልማድ የተለካ ነገር አልነበረም።

የለካችው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊ ናት። ከባልደረቦቿ ጋር 96 ፈቃደኞችን ለ84 ቀናት ተከታትላ በ2010 ባሳተመችው ጥናት አዲሱ ተግባር ያለ ማሰብ የሚፈጸም እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነው። ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይሰፋል፤ ከ84 ቀን በላይ ያሉት ቁጥሮች ከግራፉ አካሄድ የተሰሉ ናቸው። ግራፉ እንደሚሞላ ካፓሲተር ነው፤ መጀመሪያ ፈጥኖ ይወጣል፣ ቀስ በቀስም ይስተካከላል። ሌላም አጽናኝ ግኝት አለ። አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ግንባታ ጎልቶ በሚታይ መጠን አልጎዳውም። ስለዚህ በአንድ ቀን መሰናከል «በቃ፣ አልሆነልኝም» ማለት ከመረጃው ጋር አይስማማም።

ሰው ኳስ እንዳልሆነ አንዘነጋም። ኳስ የተቀመጠበትን ምድር መቆፈር አይችልም፤ ሰው ግን ይችላል። ሱሱ የጸናበት፣ በተለይም ለረጅም ጊዜ አልኮል በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው፣ በድንገት ማቆም ለሕይወቱ ሊያሰጋው ስለሚችል ሐኪም ማማከር ይገባዋል። እርዳታ መጠየቅም ጉብታን ዝቅ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ቁርጠኛ ሰው የምንለው ከሌሎች የበለጠ ኃይል በውስጡ ያከማቸ ሰው ላይሆን ይችላል። ሞቅታው ሳይበርድ ጉብታውን ዝቅ ለማድረግ የተጠቀመበት ሰው ነው። ቆራጥነት በተሰማን ቀን ከመማል ይልቅ አካፋ እናንሣ፤ በነጋታው ስሜቱ ቢበርድ እንኳ መንገዱ ተደልድሎ ይጠብቀናል።