በሰንጠረዡ የሌለው ውርጭ

«ዋናው ምክንያት የቱ ነው?»

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ መረጃ ሰብስበው የሚመጡ ተመራማሪዎች ዞረው ዞረው የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ነው። የእንስሳት እርባታ ባለሙያው ስለ በግ፣ የአፈር ባለሙያው ስለ ስንዴ፣ የዱር እንስሳት ባለሙያው ስለ ቀይ ቀበሮ ያወራል። ቁጥሩ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች አንዱን ነጥዬ «ይሄ ነው» እንድላቸው ይፈልጋሉ። ሥራዬ ስታትስቲክስ ነው፤ የሰው በግና የሰው ማሳ ቁጥር ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል። ጥያቄውን አልንቀውም። ወረዳውም፣ ገንዘብ ሰጪውም፣ ገበሬውም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ በጀት ለሁሉም ስለማይበቃ አንዱን መምረጥ ግድ ይላል። የሚያስቸግረኝ ኮምፒዩተሩ መልስ አጥቶ አለማወቁ ነው። ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ እንዳልመጣ የሚጠቁም ሦስት ኮከብ የተደረደረበት መስመር ከሰንጠረዡ አይጠፋም፤ ተማሪውም ኮከቡን ባየ ጊዜ ዋናውን ምክንያት ያገኘ ይመስለዋል።

የመንዝን በግ እናንሣ። ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሸካራ ነው፤ ባናውም በርኖሱም ከእርሱ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ማለትም ኢልሪ፣ ደብረ ብርሃን ባለው ጣቢያው ይህን በግና ከምዕራብ ኦሮሚያ የመጣውን የሆሮ በግ ጎን ለጎን እያረባ ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። የጥናቱ ዋና ፍላጎት የሆድ ትልን የመቋቋም ችሎታ በዘር ይወረስ እንደሆነ ማየት ነበር። ከተመዘገቡት ነገሮች አንዱ የሆሮ ግልገሎች ከመንዝ ግልገሎች ይልቅ በብዛት መሞታቸው ነው። በሰንጠረዡ ላይ ይህ «ዝርያ» በሚለው መስመር ይገባል፤ አገባቡም ትክክል ነው።

ነገር ግን ሁለቱም ዝርያዎች ያደጉት 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአንድ ውርጭ ውስጥ ነው። ውርጩ ለሁሉም እኩል ስለወረደ በሰንጠረዡ ውስጥ መስመር የለውም፤ ኮከብም አይሰጠውም። ያንኑ ጥናት ሞቅና ረጠብ ወዳለው ወደ ሆሮ በግ አገር ወስደን ብንደግመው «ዝርያ» የተባለው ልዩነት ሊጠብ ይችላል፤ ሊገለበጥም ይችላል። ስለዚህ የተለካው የዝርያ ጉልበት ብቻውን ሳይሆን ዝርያው ደብረ ብርሃን ላይ ያለው ጉልበት ነው። የጣቢያው ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ጽሑፋቸውን የሚጠቅሱት ሰዎች ናቸው «ደብረ ብርሃን ላይ» የምትለዋን እየቆረጡ የሚጥሏት።

እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሮትሃምስተድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ እየሠራ ልዩነትን በየምክንያቱ የሚያከፋፍለውን ስሌት ሲያደራጅ፣ እኛ ዛሬ በየቀኑ የምንጠቀምበትን መሣሪያ ሰጠን። መሣሪያው የሚያከፋፍለው ግን ልዩነትን ነው። ልዩነት በሌለበት የሚያከፋፍለው ነገር የለም። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ አጥብቆ ጽፏል፦ ልዩነትን መተንተንና ምክንያትን መተንተን ሁለት ሥራ ናቸው፤ የመጀመሪያው ውጤት ለዚያ ቦታ፣ ለዚያ መንጋ ብቻ የሚያገለግል ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎትም የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አሁንም «… ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ዋና ዋና ምክንያቶች» ነው።

ከመንዝ በሚመጡ የበግ መረጃዎች ላይ ሁልጊዜ ጎልቶ የሚወጣ አንድ መስመር አለ። «የልደት ዓመት» ይባላል። ዝርያውን፣ የእናቲቱን ዕድሜ፣ የመንታ ልደቱን ሁሉ በልጦ ሲገኝ አያስደንቀኝም። ግን ዓመት ምን ዓይነት ምክንያት ነው? የቀረው የበልግ ዝናብ፣ የተወደደው መኖ፣ የገባው የሳንባ ምች፣ ረግረጉ ላይ የበዛው የጉበት ትል፣ ሚዛኑን የያዘው አዲስ ሠራተኛ፣ ሁሉም እዚያች መስመር ውስጥ ታጭቀዋል። ተማሪዎች «የልደት ዓመት ከፍተኛ ተጽዕኖ አለው» ብለው ጽፈው ያልፉታል። በእኔ ግምት የጥናቱ ግማሽ ተደብቆ የቀረው እዚያ ነው። ስም ያልወጣለትን ምክንያት ስም እስኪያገኝ መበርበር ሰንጠረዥ ከማሳመር ይቀድማል፤ የሚበረበረውም በሶፍትዌር ሳይሆን የዚያን ዓመት የጣቢያውን መዝገብ፣ የዝናብ መለኪያውንና የእንስሳት ጤና ክሊኒኩን ደብተር በመግለጥ ነው።

ቀኑም ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የመንደር መረጃ ሲሰበሰብ «ግልገሉ መቼ ተወለደ?» የተባለ ገበሬ «የገና ሰሞን» ይላል፤ «ጥምቀት ማግስት» ይላል፤ «ሁዳዴ ሊገባ ሲል» ይላል። መልሱ ለእርሱ በቂ ነው። ሰብሳቢው ግን ቅጹ ቀን ስለሚጠይቀው የገናውን ታኅሣሥ 29 ብሎ ይሞላዋል፤ እኔም ኮምፒዩተሩን ስከፍት የአገሩ በግ ሁሉ በአንድ ሌሊት የወለደ ይመስላል። ከዚያ የስድስት ወር ክብደት ተብሎ የሚሰላው ቁጥር ከግልገሉ ዕድገት ይልቅ የበዓላቱን አቆጣጠር የሚለካበት ጊዜ አለ። የጠዋትና የማታ ሚዛንስ? ግጦሽ ውሎ የመጣ በግ ሆዱን ጭምር ነው የሚመዘነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው የሞቱት ነገር ነው። ክፉ ዓመት ሲመጣ ደካሞቹ ግልገሎች ስድስት ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ የሚመዘኑት የተረፉት ብርቱዎቹ ናቸው። አማካይ ክብደቱ ከደህናው ዓመት ጋር እኩል ይሆናል፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ሰንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ሰው «ድርቁ በዕድገት ላይ ተጽዕኖ አላሳየም» ብሎ ይጽፋል። አንዲት ተማሪ እንዲህ ያለ ውጤት ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ የመንዝን በግ ድርቅ አይነካውም ማለት ነው?» አለችኝ። «የነካቸውን አልመዘንሻቸውማ!» አልኳት።

ሞት ብቻ ሳይሆን ገበያም መንጋውን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሞላሌና በመሐል ሜዳ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ የተነሣው ከዚህ ነው። ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ ተቋማት፣ የቪየናው የግብርና ዩኒቨርሲቲና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል የተሳተፉበት ነው፤ ከመንዝ ሌላ የቦንጋ፣ የሆሮና የአፋር በጎችም ነበሩበት። ባለሙያ ለረጅም ጊዜ የበጉን ትንሽነት በዝርያው ሲያሳብብ ኖሯል። ከእስራኤል የመጣው አዋሲ የተባለው በግ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ማራቢያ ጣቢያዎች እየተዳቀለ የተሠራጨውም «ዋናው ምክንያት ዝርያው ነው» በሚለው እምነት ነበር። መንደር ሲገባ ግን ሌላ ነገር ታየ። ቶሎ ያደገው ጠቦት ቶሎ ገንዘብ ያወጣል፤ ስለዚህ ሳያጠቃ ይሸጣል። ለአውራነት የሚተርፈው ገዢ ያጣው ነው። በየዓመቱ ምርጡን ለገበያ፣ ተራውን ለዘር የሚሰጥ መንጋ ሊተልቅ አይችልም።

ይህን የትኛውም የክብደት ሰንጠረዥ አያሳይም፤ የተሸጠው በግ መረጃው ውስጥ የለምና። ገበሬዎቹ ምርጥ አውራዎችን በጋራ መርጠው ማቆየት ሲጀምሩ የመንዝ በግ የስድስት ወር ክብደት በዘር በኩል በዓመት 0.11 ኪሎ ግራም ያህል እየጨመረ መሄዱን እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ትንተና አሳይቷል። ከቦንጋና ከሆሮ ያንሳል፤ ለአንድ ዓመት ሪፖርትም የሚያኮራ ቁጥር አይደለም። ነገር ግን በውድ መኖ የመጣ ስላልሆነ መኖ ሲወደድ አይጠፋም፤ በየዓመቱም ይደራረባል። ከአዋሲው ጋር ማወዳደር ግን ከባድ ነው። ድቅሉ በጣቢያ አጥር ውስጥ፣ ተጨማሪ መኖ እየቀረበለት አድጎ፣ የአገሩ በግ በወል ግጦሽ ላይ ውሎ ሁለቱን ስናስተያይ ዝርያና መኖ አንድ ላይ ተጋምደው ይመጣሉ፤ ምንም ስሌት አይፈታቸውም። በዚያ ላይ ሜዲ ቪዝና የሚባለው፣ በዝግታ ሳንባ የሚጎዳ በሽታ የማራቢያ ጣቢያዎቹ መንጋ ውስጥ ገብቶ የአውራ ሥርጭቱ ተቋርጦ ነበር። የተዳቀለው በግ ያልተሳካለት ቦታ ላይ ዝርያውን፣ ብርዱን ወይስ በሽታውን እንውቀስ?

ከመርሐቤቴ ማዶ፣ ሞረትና ጅሩ፣ የእነዋሪ ሜዳ ላይ ያለው ጉዳይ ደግሞ የተለየ ትምህርት አለው። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይይዛል፣ ሥሩም አየር ያጣል። የእነዋሪ ገበሬዎች ከማንም ሳይማሩ መደብና ቦይ በእጃቸው እያወጡ ውኃውን ሲያስተነፍሱ ኖረዋል፤ ልጅ አዋቂው፣ ሴት ወንዱ የሚረባረብበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኋላ ወደ ኢልሪ የተጠቃለለው የያኔው ኢልካ ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ በጀመረው የመረሬ አፈር ፕሮጀክት፣ እነዋሪ ከሥራ ቦታዎቹ አንዱ ሆነች፤ ከማረሻው ተነሥቶ በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫም ተሠራ።

ታዲያ ለምርቱ ማደግ ዋናው ማዳበሪያው ነው ወይስ ቦዩ? ይህ «ጠላውን ያሰከረው ብቅሉ ነው ወይስ ጌሾው?» እንደ ማለት ነው። ውኃ በተኛበት መረሬ ላይ ዩሪያ ቢበተን ብዙ ናይትሮጅን ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይተናል ወይም ይታጠባል፤ ማዳበሪያ «ተጽዕኖ የለውም» የሚል ውጤት ይወጣል። ቦይ በወጣለት ማሳ ላይ ያው ዩሪያ ዋናው ምክንያት ሆኖ ይታያል። ቦዩስ ብቻውን? ውኃውን ያስወጣል፤ ቀድሞ መዝራትንም ይፈቅዳል፤ ንጥረ ነገር በደኸየ አፈር ላይ ግን ብዙም አያራምድም። ሁለቱ ሲባዙ እንጂ ሲደመሩ አይደለም ምርቱ የሚመጣው፤ የብዜትን ውጤት ለሁለቱ ማካፈል ደግሞ ትርጉም የለውም። ቢሮ ላይ ግን «ስንት ከመቶ ከማዳበሪያው ነው?» የሚል አይጠፋም። ቁጥር አዘጋጅተን የምንሰጠው እኛው ነን።

ጓሳ በተባለው የመንዝ የወል ሣር መሬት ላይ ያለውን ጥናት የማነሣው ጥንቃቄው ስለሚያረካኝ ነው። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 ከመቶ ሙከራው እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ከመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። እዚህ ላይ «ዋናው ምክንያት ጭላዳ ነው» ለማለት ምላስ ይበላል። ጸሐፊዎቹ ግን ጭላዳው ምን እንደሚያደርግ አልወሰኑም። ሣር እየነጨ ሲሄድ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስወጣ ይሆን? ወይስ ቀይ ቀበሮው በመንጋው መካከል ተከልሎ አይጦቹ ሳያዩት ይቀርባቸው ይሆን? ሁለቱም ይቻላሉ። አንድ ነገር ከውጤቱ ጋር አብሮ መገኘቱ የጥያቄው ግማሽ ነው፤ በምን መንገድ የሚለው ሲቀር ጥናቱን ለሌላ ቦታ ማዋል አይቻልም። ሣር በመንጨት ከሆነ ምናልባት በጎችም ያንኑ ይሠሩ ይሆናል፤ በመከለል ከሆነ ግን እረኛና ውሻ ያለበት መንጋ አይረዳውም።

ጓሳው ራሱ ለምን ተረፈ የሚለውም እንዲሁ ነው። ዘለዓለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ የኬንት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት የቄሮን ሥርዓት ዘርዝሮ አሳይቷል፦ ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ የሚቆይበት፣ በአባ ቄራ ፈቃድ የሚከፈትበት፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የፈረሰውና በሌላ መልክ የተመለሰው የወል ሕግ። አሳማኝ ሥራ ነው። እኔ ግን እዚህም ውርጩን እፈልገዋለሁ። ያ ከፍታ ገብስ የሚበቅልበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ሕጉ የማረሻን ጉልበት ይቋቋም ነበር? ለዚህ የሚመልሰው ጓሳን ብቻ ማጥናት ሳይሆን፣ ያው ብርድ ኖሮ ሕጉ ያልነበረበትን ደጋ አጠገቡ አስቀምጦ ማየት ነው። በከፊልም የአዋጁ ማግስት ይመልሳል፤ ብርዱ ሳይለወጥ ሕጉ ሲፈርስ ጓሳው መጎዳቱ ይታወቃልና፣ ያ ለሕጉ ወገን ይመሰክራል።

አሁን ተማሪዎቼን «በዚህ ጥናት ያልተለዋወጡ ነገሮች» የሚል አንድ አንቀጽ እንዲጽፉ አዝዛቸዋለሁ፦ ከፍታው፣ ብርዱ፣ ገበያው፣ የመዛኙ እጅ። አንዳንድ አማካሪ ጽሑፉን ያራዝማል ብሎ ያስወጣዋል። ብርዱን ከዝርያ መለየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ መርሐቤቴ ትጠቅመዋለች፤ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ በአጭር መንገድ አየሩ ወደ ቆላ ይለወጣል። ግን ከፍታው ሲወርድ በሽታውም፣ ሣሩም አብሮ ይለወጣል፤ በጉም ለፍየል ቦታ ይለቃል። ስለዚህ ከአንድ አውራ የተወለዱ ግልገሎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ላይ፣ ግማሹን ታች ማሳደግ፣ መኖውን አንድ ማድረግ፣ የትል መድኃኒቱን ለሁሉም እኩል መስጠት፣ ሚዛኑን በአንድ ሰው እጅ ማቆየት ያስፈልጋል። ከአንድ ዓመት በላይ መከታተልም አለበት፣ አለዚያ «ዓመት» ተመልሶ ይገባል። ወጪው ከባድ ነው፤ ብዙው ሰው መጠይቅ ይዞ መንደር መዞርን የሚመርጠውም ለዚህ ነው።