ተራራው ያስጠጋቸው አርበኞች

በመካከለኛው ኢጣልያ፣ በአፔኒን ተራሮች ግርጌ፣ ማርኬ በሚባለው ክፍለ ሀገር ሳን ሰቬሪኖ የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። ወደ እርሷ የሚጓዝ ሰው ከሩቅ የሚታየው ከኮረብታው ጫፍ ላይ የቆመው ጥንታዊ ግንብ ነው። ከሰሜን በኩል ደግሞ 1,479 ሜትር ከፍታ ያለው የሳን ቪቺኖ ተራራ ይታያል። የከተማይቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእኛው ወገን የሆነ ሰው በአፈሯ ውስጥ አርፏልና።

በጥንት ዘመን በፖቴንዛ ወንዝ ሸለቆ ሴፕተምፔዳ የተባለች የሮማውያን ከተማ ነበረች። የሮማ ኃይል ተዳክሞ አገሩ ሰላም ባጣ ጊዜ ሕዝቡ ሜዳውን እየለቀቀ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ አዲሲቱንም ከተማ በጳጳሱ በቅዱስ ሰቬሪኖ ስም ጠራት። ቆይቶ ጸጥታ ሲሰፍን ገበያው ተመልሶ ወደ ታች ወረደ፤ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ሰፊው አደባባይም የከተማይቱ እምብርት ሆነ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስማቸው የገነነው ሠዓሊዎች፣ ሎሬንዞና ያኮፖ ሳሊምቤኒ የተባሉት ወንድማማቾች፣ የዚህችው ከተማ ልጆች ናቸው።

በክፉ ቀን ወደ ተራራ መውጣት ለሳን ሰቬሪኖ ሕዝብ የቆየ ልማድ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ልማድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንደገና ታየ።

እ.ኤ.አ. በ1940 የፋሽስት መንግሥት በኔፕልስ ከተማ ስለ ቅኝ ግዛቶቹ ታላቅ ኤግዚቢሽን ከፈተ። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማልያ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ተወስደው ለተመልካች ለማሳያነት ቀረቡ። ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ በአንድ ወር ውስጥ ኢጣልያ ጦርነት ውስጥ ስለገባች በሩ ተዘጋ፤ እነዚያ ሰዎች ግን ወደ አገራቸው የሚመለሱበት መንገድ አጡ። በ1943 ለሳን ሰቬሪኖ ቅርብ ወደ ሆነችው ወደ ትሬያ ተዛውረው በአንድ የመኳንንት ግቢ ውስጥ በጥበቃ ሥር እንዲኖሩ ተደረገ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 8 ቀን የኢጣልያ መንግሥት ከተባበሩት ኃይሎች ጋር የተኩስ ማቆም ስምምነት ማድረጉ ሲታወጅ የጀርመን ጦር አገሩን ያዘ። ፋሽስቶችና ጀርመኖችን ለመውጋት የቆረጡ ሰዎችም ወደ ሳን ቪቺኖ ወጡ። ማሪዮ ዴፓንገር በተባለ ጸረ ፋሽስት አዛዥ ሥር የተሰባሰበው ክፍል ኢጣልያውያንን፣ ዩጎዝላቮችን፣ ሶቭየቶችንና እንግሊዞችን ያቀፈ ነበር። በኦክቶበር አርበኞቹ ወደ ትሬያ ወርደው ግቢውን በመውረር የጦር መሣሪያ ማረኩ። ከአፍሪካውያኑም መካከል ከጥበቃው አምልጠው ወደ ተራራው የወጡና ጠመንጃ ያነሡ ነበሩ።

ከእነርሱ አንዱ ካርሎ አባ መጋል የተባለው ኢትዮጵያዊ ነበር። በኖቬምበር 1943 በሳን ሰቬሪኖ አካባቢ ከጠላት ጋር በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ወደቀ፤ በዚያችው ከተማ መካነ መቃብርም ተቀበረ። ጓደኞቹ ግን ትግላቸውን ቀጠሉ። በማርች 24 ቀን 1944 ጠላት ብዙ ኃይል አሰልፎ ተራራውን ቢያጠቃም ክፍሉን ሊደመስሰው አልቻለም። ከጥቂት ወራት በኋላም ሳን ሰቬሪኖ ነፃ ወጣች።

ከተማይቱን በ2016 የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ጎድቷታል። ይሁን እንጂ የሰው ሥራ ከግንብ ይልቅ ይጸናል እንላለን። እነዚያን ሰዎች ወደ ኢጣልያ የወሰዳቸው መንግሥት እንደ ንብረቱ ቈጥሮ ለትዕይንት አቁሟቸው ነበር። ተራራው ላይ ግን ከኢጣልያዊው ገበሬ ጐን በአንድ ምሽግ ውስጥ ተኙ፤ ከአንድ ማዕድም ቈረሱ። አባ መጋል ያረፈው ወራሪዎች አገሩን ሊወጉ ከተነሡበት ምድር ውስጥ ነው። ያረፈው ግን እንደ ምርኮኛ ሳይሆን ለዚያ ምድር ነፃነት ደሙን እንዳፈሰሰ አርበኛ ነው። በዐድዋና በማይጨው የወደቁትን ስናስብ፣ በሳን ቪቺኖ ግርጌ ያረፈውንም ወገናችንን ልንዘነጋው አይገባም።