ታላላቅ ኩባንያዎች የኮምፒዩተራቸውን ሥርዓት እንዴት እንደሚለውጡ

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ በብዙ ሚሊዮን በሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ለሚሠራው ዊንዶውስ 10 ለሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን መሣሪያ በላዩ ከምንሠራባቸው ፕሮግራሞች ጋር፥ ይኸውም ከሒሳብ መዝገቡ፥ ከደብዳቤ መጻፊያውና ከኢሜይሉ ጋር አገናኝቶ የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም ነው። ድጋፉ ቆመ ማለት ኮምፒዩተሩ በማግሥቱ ሥራ ይፈታል ማለት አይደለም፤ እንደ ወትሮው ይከፈታል፥ እንደ ወትሮውም ይጽፋል። የሚቀረው ነገር፥ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በተገኘ ቍጥር ያንን ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ነው። በዚህም ምክንያት በብዙ አገር ቅርንጫፍ ያላቸው ኩባንያዎች በሺህ የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮቻቸውን ወደ ዊንዶውስ 11 ለማሸጋገር ግዴታ ደርሶባቸዋል።

ይህ ጕዳይ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች እንጂ የነጋዴ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ አስመጪው ዕቃ የሚያስመጣው፥ ላኪውም ቡናውንና ሰሊጡን የሚልከው፥ እንደነዚህ ባሉ የመርከብ፥ የባንክና የመድን ኩባንያዎች አማካይነት ነው። ከእነርሱ አንዱ ኮምፒዩተሮቹን የሚለውጥበትን ጊዜ ወይም ዘዴ የተሳሳተ እንደ ሆነ፥ ጉዳቱ በጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነሩ ተራግፎ ወረቀቱን የሚጠብቀው ነጋዴ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ስለዚህ ሥራው በትልልቁ ኩባንያ እንዴት እንደሚታቀድ ማወቅ፥ የውጭ ወኪላችንን ምን ብለን መጠየቅ እንደሚገባን ያሳየናል። አምስት ኮምፒዩተር ያለው የንግድ ቤትም ቢሆን ከዚያው የሚወስደው አያጣም።

ለዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ምሳሌ፥ ዋና መሥሪያ ቤቱ በኮፐንሃገን የሚገኘው የሜርስክ የመርከብ ኩባንያ ነው፤ ባለ ኮከቡን ኮንቴይነር በጅቡቲ መንገድ ላይ ያላየ አስመጪ ያለ አይመስለኝም። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም፥ በዩክሬን ብዙ ድርጅቶች በሚሠሩበት በአንድ የሒሳብና የግብር ማስታወቂያ ፕሮግራም በኩል ተሰራጨ። በዚያ አገር የሜርስክ ቢሮ ይህንን ፕሮግራም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አስገብቶ ነበርና፥ አጥፊው በዚያ ገብቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በዓለም ሁሉ ወዳሉት ቅርንጫፎች ተዛመተ። ኩባንያው ከሚያስተዳድራቸው 76 የወደብ ጭነት ጣቢያዎች ውስጥ 17ቱ ሥራቸው ታወከ። የጭነት መኪናዎች በወደብ በሮች ላይ ተሰለፉ፤ በየኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነና የማን እንደ ሆነ የሚናገረው መዝገብ የማይከፈት ሆነ።

የኩባንያው የቦርድ ሊቀ መንበር ጂም ሀገማን ስናቤ በጥር ወር 2010 ዓ.ም. በዳቮስ ስብሰባ ላይ እንደ ገለጹት፥ 4,000 ሰርቨሮች፥ 45,000 ኮምፒዩተሮችና 2,500 ፕሮግራሞች በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተተክለዋል፤ እርሳቸው እንዳሉት ይህ ሥራ በወትሮው አካሄድ 6 ወር ይፈጅ ነበር። ኩባንያው የደረሰበትን ጉዳት ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። በስድስት ወር ተረጋግቶ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ በዐሥር ቀን፥ ያውም ዕቃው ወደብ ላይ ተቈልሎ ሳለ መሥራት፥ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ዋየርድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ባወጣው ዘገባ፥ አደጋው እስኪደርስ ድረስ ከኩባንያው ሰርቨሮች አንዳንዶቹ በዊንዶውስ 2000 ይሠሩ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው በ2010 ነበር። ድካሙን የሚያድስ ዕቅድም ቀርቦ ጸድቆ፥ ገንዘቡም ተፈቅዶ ነበር። ነገር ግን የዕቅዱ መፈጸም የኀላፊዎቹ ሥራ ከሚመዘንባቸው ነጥቦች ውስጥ ስላልገባ ሳይፈጸም ቀረ ይላል ዘገባው። ለእውነት ያህል ግን መባል ያለበት፥ ኖትፔትያ ከአንዱ ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል እየሰረቀ ማስተካከያ ወደ ተደረገለትም ሌላ ኮምፒዩተር የሚገባ ስለ ነበር፥ ሁሉም ማሽን አዲስ ቢሆን ኖሮ ምንም ጉዳት አይደርስም ነበር ማለት አይቻልም። ጉዳቱ ግን ያን ያህል ባልሰፋ።

እንግዲህ በ40 አገር 20,000 ኮምፒዩተር ያለው ኩባንያ አለ እንበል። ሥራው የሚጀመረው ከምንድን ነው? እኛ በየዓመቱ መጨረሻ በመጋዘናችን ከምንሠራው ከዚያው ከቈጠራ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር መቼ እንደ ተገዛ፥ በማን እጅ እንዳለ፥ ምን ፕሮግራም እንደ ተጫነበት፥ ምን መሣሪያ እንደ ተያያዘበት በዝርዝር ይመዘገባል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ዕቅድ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው። በዋናው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን መቍጠር አያስቸግርም፤ የሚረሱት በየመጋዘኑ ጥግ አቧራ የጠጡት ናቸው፤ ሚዛን የሚያነበው፥ የካርቶን ምልክት የሚያትመው፥ የማቀዝቀዣ ክፍሉን ሙቀት የሚቈጣጠረው። እነዚህን ሁሉ ቢሮው በቀጥታ ላይገዛቸው ይችላል፤ ከሚዛኑ ጋር፥ ከማተሚያው ጋር ተያይዘው የመጡ ናቸውና በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። ማንም የማያስታውሰው ኮምፒዩተር ደግሞ ማንም ማስተካከያ የማያደርግለት ኮምፒዩተር ነው። የመጋዘን ቈጠራ ላይ የመደርደሪያውን ብቻ ቈጥሮ የጓዳውን የሚተው ጸሐፊ ምን ዐይነት ሒሳብ እንደሚያቀርብ አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ከቈጠራው በኋላ መለየት ይመጣል። ዊንዶውስ 11 በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ አይጫንም፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ፥ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን ምስጢር ጠባቂ መሣሪያ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩም ማይክሮሶፍት ካወጣው ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት፤ ከኢንቴል ወገን የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ፥ ማለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2017 መጨረሻ አንሥቶ የወጡትን ነው። ስለዚህ ማሽኖቹ በሦስት ይከፈላሉ፤ ባሉበት የሚታደሱ፥ በአዲስ የሚተኩ፥ ከፋብሪካ መሣሪያ ጋር ስለ ተጣመሩ ሊለወጡ የማይችሉ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከኢንተርኔትና ከሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ተለይተው ለብቻቸው ይሠራሉ።

ጊዜ ለሚያንሰው ኩባንያ ማይክሮሶፍት ቢበዛ ለሦስት ዓመት የሚቈይ የደኅንነት ማስተካከያ በገንዘብ ይሸጣል። ዋጋው በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮምፒዩተር 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ለ1,000 ኮምፒዩተር ቢሰላ በመጀመሪያው ዓመት 61,000፥ በሁለተኛው 122,000፥ በሦስተኛው 244,000፥ በድምሩ 427,000 ዶላር ነው። በሁለተኛው ዓመት ልግባ የሚል የመጀመሪያውንም ዓመት ዋጋ ይከፍላል፤ መዘግየት አያተርፍም። በእኔ አስተያየት ይህንን ገንዘብ መክፈል የሚገባው አዲሱ ማሽን ታዝዞ መምጫው ለዘገየበት እንጂ፥ ገና ላላሰበበት አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ሥራው በአንድ ቀን ሳይሆን በተራ በተራ ይሠራል። በመጀመሪያ የኮምፒዩተር ክፍሉ ሠራተኞች፥ ከዚያም ከየክፍሉ የተመረጡ ጥቂት ሰዎች፥ ቀጥሎ አንድ አነስተኛ አገር፥ በመጨረሻም ሌሎቹ። የተመረጡት ሰዎች የሥራ አስኪያጁ ወዳጆች ሳይሆኑ ሥራቸው የተለያየ መሆን አለበት፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚያዘጋጀው፥ ሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚያስከፍተው፥ ደመወዝ የሚሠራው፥ እያንዳንዱ የራሱን ፕሮግራም በእውነተኛ ሥራ ላይ ይፈትናል። ተራን አለመጠበቅ የሚያመጣውን ጣጣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓለም አይቶታል፤ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ስሕተት ያለበት ማስተካከያ ለደንበኞቹ በአንድ ጊዜ ልኮ፥ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ከሥራ ወጡ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ። ብዙዎቹም ማሽኖች የተዳኑት ሠራተኛ ከፊታቸው ተቀምጦ አንድ ባንድ በእጁ እየከፈታቸው ነው። በአገራችንም በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡበት ሌሊት የሚዘነጋ አይደለም፤ ባንኩ ምክንያቱ የውጭ ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው ብሏል። ይህ የባንክ ፕሮግራም እንጂ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ጕዳይ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው።

ስለ ቀን አመራረጥ ጥቂት ልበል። አውሮፓ የተቀመጠ ዕቅድ አውጪ ቅዳሜና እሑድ ለሁሉም ዕረፍት ይመስለዋል፤ በሳዑዲ ዐረቢያ ግን ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶችም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕረፍታቸውን ወደ ቅዳሜና እሑድ ያዛወሩት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ነው። የጃፓንና የሕንድ የበጀት ዓመት የሚዘጋው በማርች 31 ነው፤ የእኛ ሰኔ 30 ነው። በሰኔ መጨረሻ የአዲስ አበባውን ቢሮ የሒሳብ ኮምፒዩተር ልለውጥ የሚል ሰው፥ ሒሳብ ሹሙ በሩን ቢዘጋበት አይፈረድበትም። ስለዚህ የየአገሩ ቅርንጫፍ ኮምፒዩተር የማይነካበትን ጊዜ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ይጠየቃል።

የመስመር ፍጥነትም የዚያኑ ያህል ያስቸግራል። አዲሱ ሥርዓት ለአንድ ኮምፒዩተር 5 ጊጋባይት ያህል ቢመዝን፥ 40 ኮምፒዩተር ባለበትና መስመሩ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሆነ ቢሮ እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ቢያወርድ፥ መስመሩ ሌላ ምንም ሳይሠራ 44 ሰዓት ይፈጃል። አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ በቢሮው ውስጥ ለሌሎቹ ቢከፋፈል ግን ከውጭ ለማምጣት የሚፈጀው አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። በሜርስክ አደጋ ጊዜም ይኸው ችግር ታይቷል። የኩባንያውን ተጠቃሚዎች ስምና ፈቃድ የሚይዙት ወደ 150 የሚጠጉ ሰርቨሮች ሁሉ ሲጠፉ፥ በጋና ያለው አንዱ ብቻ በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ከመረቡ ተለይቶ ዳነ። የጋናው መስመር ቀጭን በመሆኑ መዝገቡን በእርሱ መላክ ብዙ ቀን የሚፈጅ ሆነ፤ የጋናው ሠራተኛ የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበረው ወደ ናይጄሪያ በርሮ ዲስኩን ለሌላ ሰው አስረከበ፤ ያም ሰው ይዞት ወደ ለንደን ሄደ። ያንን ያህል ትልቅ ኩባንያ የታደገው የመብራት መጥፋት ነው። ያን ጊዜ የሌሎቹ ሰርቨሮች ቅጂ ቢኖርም፥ የእነዚህ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጠፉም ተብሎ ስለ ታሰበ ከመረቡ ውጭ ቅጂ አልተቀመጠላቸውም ነበር። ስለዚህ ከለውጡ በፊት የመዝገቡ ሙሉ ቅጂ ከመረቡ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ዲስካቸው በምስጢር የተቈለፈ ኮምፒዩተሮችም የመክፈቻ ቍጥራቸው በወረቀት ተጽፎ በካዝና ይገባል።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስ፥ ነገሩ በመጠን ያንሳል እንጂ አይለወጥም። ብዙ ቤቶች ዛሬም በአሮጌ የፒችትሪ እትም ሒሳብ ይይዛሉ፤ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ መከፈቱ ብቻ ሳይሆን ማተሙም መሞከር አለበት፤ የመጫኛው ዲስክና የምዝገባ ቍጥሩ መኖሩም አስቀድሞ ይፈለግ። ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ካሽ ሬጅስተር ያለው ባለ ሱቅ ከመለወጡ በፊት የመሣሪያውን ቴክኒሽያን ይጥራ፤ ደረሰኝ መቍረጥ ያቃተው ቀን ሽያጭ የሌለበት ቀን ነውና።

እኔ በምሠራበት ቤት ኮምፒዩተሮቹ በተለወጡ ጊዜ ሒሳቡ በደኅና ተላለፈ። የ1990ዎቹ የደብዳቤ መዝገባችን በተከፈተ ጊዜ ግን አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ሆኖ ተገኘ። ሲመረመር፥ ደብዳቤዎቹ የተጻፉት ፊደላችንን በዩኒኮድ ሳይሆን በላቲን ፊደል ቦታ እያስገባ በሚጽፍ በቀድሞ ዘመን የፊደል ፕሮግራም ነበር፤ እኛም የፊደሉን ፋይል ሳንቀዳ አሮጌው ማሽን ላይ ትተነዋል። አሮጌው ማሽን ገና አልተሸጠም ነበርና ፋይሉን ከዚያ አውጥተን ደብዳቤዎቹን መልሰን አነበብናቸው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን አሮጌ ኮምፒዩተር የሚሸጠው አዲሱ አንድ ሙሉ ወር ሒሳብ ከዘጋ በኋላ ነው።

የውጭ ወኪላችሁን ደግሞ ሁለት ነገር በደብዳቤ ጠይቁት፤ ኮምፒዩተሮቻችሁን የምትለውጡት በየትኛው ሳምንት ነው፥ በዚያም ሳምንት ሥርዓቱ ቢቆም የቢል ኦፍ ሌዲንጉን ቅጂና የመልቀቂያውን ትእዛዝ በምን መንገድ ትልኩልናላችሁ ብላችሁ። ጭነታችሁ በዚያ ሳምንት ጅቡቲ የሚደርስ ከሆነ፥ ወረቀቱ በሳምንት ቀደም ብሎ በትራንዚተራችሁ እጅ እንዲገባ አድርጉ።