ልክን ስለ ማወቅ፤ የሴት ልጅና የብስክሌት ነገር

በአገራችን አንድ ሰው ከአቅሙ በላይ ሲንጠራራ የታየ እንደ ሆነ «ልክህን እወቅ» ይባላል። ለሴት ልጅ ሲሆን ነገሩ ይበረታል፤ ይልቁንም ብስክሌት ላይ ስትወጣ «ልክሽን እወቂ» የሚላት አይታጣም። ይህ ቃል ለእኔም ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሶኛል። ዛሬ ግን ቃሉን በሌላ ትርጉም ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ላቀርበው አስቤአለሁ። ብስክሌት የምትነዳ ሴት በእውነት ልክዋን ማወቅ አለባት፤ የእግርዋን ልክ፣ የመቀመጫዋን ልክ፣ የእጅዋን ልክ፣ የልብስዋንም ልክ። እኔ ይህን ባለማወቄ 8 ወር ባክኖብኛል።

እንደሚታወቀው ከተማችን ባሕር ዳር ሜዳማ ናት፤ መንገዶቿም ሰፋፊ ስለ ሆኑ ለብስክሌት የተመቸች ናት። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይኸውም በእግር አንድ ሰዓት፣ በብስክሌት ግን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። 10ኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ብስክሌቱን ለእኔ ተወልኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቴን ከኋላ በኩል ያመኝ፣ መዳፌ ይደነዝዝ፣ መቀመጥም ያሳቅቀኝ ጀመር። እናቴ ሳነክስ አይታ «ድሮም ይህ ነገር ለወንድ እንጂ ለሴት አልተሠራም» አለች፤ እኔም አመንኋት። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እኔም በእግሬ ስሄድ ሳይመሽ ቤት ለመድረስ ከቤተ መጻሕፍት ከሌሎቹ ቀድሜ እነሣ ስለ ነበር በየቀኑ የአንድ ሰዓት ጥናት ቀረብኝ።

በመጨረሻም ብስክሌቱን ለመሸጥ ቆርጠን ከእናቴ ጋር ወደ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ ወሰድነው። «ጋሼ፣ ለሴት አልሆነም፤ ስለዚህ ልንሸጠው ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ብስክሌቱን አየት፣ እኔንም አየት አድርገው «ልጄ፣ ብስክሌት ሴት ትሁኚ ወንድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁመትሽን ነው። የወንድምሽን ጫማ አድርገሽ እግሬን አመመኝ ብትዪ ጥፋቱ የእግርሽ ነውን?» አሉኝ። ከዚያም ለእናቴ የልብስ ሰፊ ሜትር ሰጥተው እንድትለካኝ አደረጉ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ከእርሳቸው የተማርሁትንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ ያገኘሁትን ነው። የማነሣቸው የውጭ አገር ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

በመጀመሪያ «የሴት ብስክሌት» የሚባለው ከወዴት መጣ? መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት ጎማዎችና የኋላውን ጎማ የሚያዞር ሰንሰለት ያለው፣ ዛሬ የምናውቀውን የሚመስል ብስክሌት በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ በ1885 በጆን ኬምፕ ስታርሊ ወጣ። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት አየር የሚሞላ ጎማ ሠርቶ መንገዱን አለሰለሰው። ሴቶችም በብዛት መንዳት ጀመሩ፤ ነገር ግን የዘመኑ ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ስለ ነበር እግርን አንሥቶ በላይኛው ብረት ላይ ማለፍ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ ያን ብረት ዝቅ አድርገው አጎበጡት። እንግዲህ የሴት ብስክሌት መጀመሪያ የተሠራው በሴት አካል ልክ ሳይሆን በቀሚስዋ ልክ ነው ማለት ነው።

ይህም ዋጋ አስከፍሏል። በ1894 አኒ ኮኸን ኮፕቾቭስኪ የምትባል፣ አኒ ለንደንደሪ በሚል ስም የታወቀች ሴት፣ ዓለምን በብስክሌት ለመዞር ከአሜሪካ ከቦስተን ከተማ ተነሣች። በረዥም ቀሚስ ሆና የነዳችው የሴት ብስክሌት 19 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ቺካጎ ስትደርስ ተስፋ ለመቁረጥ ተቃርባ ነበር። በዚያ ግን 9 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል የሚመዝን የወንድ ብስክሌት ያዘች፤ ቀሚሱንም በሰፊ ሱሪ ለወጠች፤ በ1895 ጉዞዋን ፈጸመች። ሴትዮዋ ያችው ናት፤ የተለወጠው ዕቃው ነው።

አሁን ወደ መለካቱ ልመለስ።

1ኛ፤ ቁመት። ጫማ አውልቀሽ ጀርባሽን ለግድግዳ ሰጥተሽ ቁሚ። አንድ ጠንካራ መጽሐፍ በእግሮችሽ መካከል እስከ ላይ ድረስ ጠበቅ አድርገሽ ያዢና ከመሬት እስከ መጽሐፉ ጫፍ ያለው ይለካ። ይህ ቁጥር በ0.883 ሲባዛ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ማዕከል እስከ ኮርቻው ጫፍ ሊኖር የሚገባውን ርቀት በግምት ይሰጣል። የእኔ እግር 76 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ ስሌቱ 67 ይሆናል። የወንድሜ ኮርቻ ግን 72 ላይ ቆሞ ነበር። ኮርቻ ሲበዛ ከፍ ካለ ዳሌ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ጉልበትም ከኋላ ያማል። ሲበዛ ዝቅ ካለ ሕመሙ ከጉልበት ፊት ይሆናል። ሜትር ያጣች ልጅ ኮርቻ ላይ ተቀምጣ ተረከዝዋን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ታሳርፍ፤ እግርዋ ቀጥ ካለ ልኩ ደኅና ነው፤ በእግርዋ ፊተኛ ክፍል ስትረግጥ ጉልበትዋ ጥቂት ይታጠፋል። ኮርቻውን ከፍ የምታደርግ ደግሞ በዘንጉ ላይ የተቀረጸውን የመጨረሻ ምልክት እንዳታልፍ ትጠንቀቅ።

ኮርቻ ዝቅ ቢልም የብስክሌቱ አካል ራሱ ትልቅ ከሆነ መድኃኒት የለውም። የላይኛው ብረት ቀጥ ያለ ከሆነ፣ በላዩ እግርን አንፈራጥጦ ሲቆሙ በብረቱና በሰውነት መካከል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ሊተርፍ ይገባል። ለእኔ ለጥቂት በቃኝ። ታናሽ እህቴ ግን ስለማይተርፋት ትንሽ ጎማ ያለው ሌላ ብስክሌት ያስፈልጋታል።

2ኛ፤ ኮርቻ። ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። በእነዚህ አጥንቶች መካከል ያለው ርቀት በሴቶች ዘንድ በአማካይ ሰፋ ይላል፤ ቢሆንም ከሰው ሰው ይለያያል። ኮርቻው ከጠበበ አጥንቶቹ ከጠርዝ ውጭ ይሆኑና ክብደቱ በመካከል ባለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ያርፋል። የማሳቀቁ ምክንያት ይህ ነው። ለመለካት አንድ የካርቶን ቁራጭ በጠንካራ በርጩማ ላይ አድርገሽ ተቀመጪበት፤ ወደ ፊት ጥቂት ዘንበል በዪ። ስትነሺ ሁለት ጉድጓዶች ይታያሉ። ከአንዱ መካከል እስከ ሌላው መካከል ለክተሽ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሪበት፤ ቀጥ ብላ የምትነዳ ጥቂት ትጨምር። የእኔ 13 ተኩል ሲሆን የወንድሜ ኮርቻ 13 ብቻ ነበር። ብዙዎች መድኃኒቱ ወፍራም ስፖንጅ ይመስላቸዋል፤ ሲበዛ ለስላሳ የሆነ ኮርቻ ግን አጥንቱን አስምጦ ለስላሳውን ሥጋ መልሶ ይጫነዋል። ኮርቻው ደልደል ያለ ይሁን፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቢቃና ፊት ለፊት ይቆረቁራል፤ ወደ ታች ቢያዘነብል ወደ ፊት ያንሸራትትና ክብደቱን በእጅ ላይ ይጥላል።

3ኛ፤ እጅ። መሪው ሲርቅ አንገትና ትከሻ ይደክማል፤ መዳፍም ይደነዝዛል። ክርን ጥቂት ታጥፎ መሪውን ሊይዝ ይገባል። የፍሬን እጀታ ደግሞ ለትልቅ እጅ ተለክቶ የሚመጣ ስለ ሆነ ጣታችን አጭር የሆነው ሴቶች በድንገት ለመያዝ እንቸገራለን። ይህም የምቾት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። በብዙ እጀታዎች ላይ ግን ወደ መሪው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን አለች።

በኔ ብስክሌት ላይ ጠጋኙ ያደረጉት ይህ ነው፤ ኮርቻውን 5 ሴንቲ ሜትር አወረዱ፤ 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ባገለገለ ኮርቻ ለወጡት፤ የመሪውን አንገት በሚያጥር ቀየሩ፤ ሁለቱን የፍሬን ብሎኖች ጠበቅ አደረጉ። ሥራው በሙሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። እናቴ ዋጋውን ስትሰማ «በዚህ ብቻ ነው 8 ወር የቆመው?» አለች።

እንግዲህ ለሴት ተብሎ የተሠራ ብስክሌት ያስፈልጋልን? በ1985 ጆርጂና ቴሪ የምትባል አሜሪካዊት መሐንዲስ ለአጫጭር ሴቶች የፊት ጎማው ያነሰ ብስክሌት የሚሠራ ድርጅት አቋቁማ ለብዙዎች መፍትሔ ሆናለች። ከእርስዋ በኋላ ግን ብዙ ነጋዴዎች የወንዱን አሳንሰው ቀለሙን ብቻ ለውጠው «የሴት ነው» ማለት ጀመሩ። በቅርብ ዓመታት ከታላላቆቹ ሠሪዎች አንዳንዶቹ በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት በወንድና በሴት መካከል ካለው እንደሚበልጥ ተረድተው የሴት የተባለውን አካል ትተዋል። ስለዚህ ገዢዋ ስሙንና ቀለሙን ትታ ሜትርዋን ትያዝ። በቀሚስ ለምትነዳ ግን ዝቅ ያለው ብረት ዛሬም ጥሩ ነው።

ስለ ልብስም ጥቂት ልበል። ለአጭር መንገድ የተለየ ልብስ አያስፈልግም፤ ከደንብ ልብስ ቀሚስ በታች ስፌቱ የማይቆረቁር ጥብቅ ቁምጣ ይበቃል። የኋላው ጎማና ሰንሰለቱ መከለያ ቢኖራቸው ቀሚስ አይጠለፍም። ሱሪ የለበሰች ሰንሰለቱ በቀኝ ስለ ሆነ የቀኝ እግርዋን ጫፍ በላስቲክ ትሰር። ነጠላ ጫፉ ተንጠልጥሎ ከጎማው ጋር ከተጠላለፈ ይጥላል፤ ስለዚህ ታጥፎ በቦርሳ ይግባ። ረዥም መንገድ ለምትሄድ ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ አለ፤ የሴቶቹ ከኋላ ሰፋ ያለ ነው። ይህ ቁምጣ ያለ ውስጥ ልብስ እንደሚለበስና በተለበሰ ቁጥር መታጠብ እንዳለበት ብዙዎች አያውቁም፤ የሚልጠው የውስጥ ልብሱ ስፌት ነውና። ደረትን ደግፎ የሚይዝ የስፖርት ጡት ማስያዣም ኮረኮንች ላይ ድካምን ይቀንሳል። የራስ ቁር ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ይቀመጥ፤ በአናት ላይ የተቆለለ ጠጉር ከፍ ስለሚያደርገው ሹሩባ ይሻለዋል። አንድ ጊዜ አደጋ የደረሰበት ቁር ግን ደኅና ቢመስልም አይገዛ።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው አፍ ነው። ብስክሌት የነዳች ልጅ ልጃገረድነትዋን ታጣለች የሚል ወሬ በየሰፈሩ አለ። ወላጆችን የሚያሰጋ ነገር ስለ ሆነ ልለፈው አልወደድሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ልጃገረድነትን በአካል ምርመራ ለማወቅ እንደማይቻል ገልጾ፣ ምርመራውም እንዲቀር ጠይቋል። ሐኪም መርምሮ ሊያውቀው ያልቻለውን ጎረቤት ከብስክሌት ተነሥቶ ሊያውቀው አይችልም። በ1890ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካም ብስክሌት የሴትን ፊት ያበላሻል ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ያ ወሬ ዛሬ መሳቂያ ሆኗል።

ሴት ልጅ ትችላለች ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቷል። የኛዋ ሰላም አምሃ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በጎዳና ብስክሌት ውድድር ተሰልፋለች። በ2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ በኪጋሊ ተደርጓል። ለእኛ የቀረው ጥያቄ ኮርቻው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው የሚለው ነው።

እኔ አሁን 12ኛ ክፍል ነኝ፤ በየቀኑ በብስክሌት እመላለሳለሁ፤ ያጣሁትንም የጥናት ሰዓት መልሼ አግኝቻለሁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አመመኝ ብላ ብስክሌቱን ያቆመች እንደ ሆነ ከመሸጣችሁ በፊት አስለኩላት። መምህራን ሆይ፣ በትምህርት ቤታችን የስፖርት ዕቃ ቤት አንድ ሜትርና አንድ መፍቻ ቢቀመጥ ለብዙዎቻችን ይበቃል። እናንተም እህቶቼ፣ ከእንግዲህ «ልክሽን እወቂ» የሚላችሁ ቢኖር አትቆጡ፤ «አውቄዋለሁ፤ 67 ሴንቲ ሜትር ነው» ብላችሁ እለፉ።