ድርጅቶች ሠራተኞችን ሲቀንሱ የማስጠንቀቂያና የሥራ ስንብት ክፍያ መብት

በጅግጅጋም ሆነ በሲቲ ዞን ከደምበል እስከ ደወሌ ባሉ ከተሞች አንድ ሆቴል ወይም ተቋራጭ በርካታ ሠራተኞችን በአንድ ጊዜ ሲያሰናብት፣ አቤቱታ ተቀባዩ የመንግሥት ባለሙያ በቅድሚያ ሊያጣራው የሚገባ ነጥብ አለ፤ ስንብቱ በሕግ «ቅነሳ» ነው ወይስ አይደለም?

ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ መልስ ይሰጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ ስለሚተዳደሩ አዋጁ አይመለከታቸውም። በአዋጁ አንቀጽ 29 መሠረት ቅነሳ የሚባለው ከ10 ቀናት ለማያንስ ተከታታይ ጊዜ ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆኑትን የሚመለከት ስንብት ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ቢያንስ 5 ሠራተኞችን መንካት አለበት። ስሌቱ የሚወሰደው ቅነሳው ከመደረጉ በፊት በነበሩት 12 ወራት ከነበረው አማካይ የሠራተኛ ቁጥር በመሆኑ የወሩን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ብቻ መመልከት አይበቃም።

አሠሪው ማንን እንደሚያሰናብት ብቻውን አይወስንም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ተመካክሮ የሥራ ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያላቸውን ያቆያል። ችሎታቸው እኩል ሲሆን የአገልግሎት ዘመንና የጥገኞች ብዛት ይታያሉ፤ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኞች ተወካዮችና ነፍሰ ጡር ሴቶች በቅነሳው መጨረሻ ላይ የሚመጡ ናቸው። የግንባታ ሥራ ደረጃ በደረጃ እየተጠናቀቀ ሲሄድ የሚደረግ ቅነሳ ግን ይህን ቅደም ተከተል አይከተልም፤ ሠራተኛው የተቀጠረበት ሥራ ሳያልቅ ከተሰናበተ ልዩ ሁኔታው አይሠራም።

ማስጠንቀቂያው ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን ገልጾ በጽሑፍ ይሰጣል። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ተቀናሽ ሠራተኛ ጊዜው 2 ወር ነው። በሌሎች ምክንያቶች ሲሰናበት ከ9 ዓመት በላይ ያገለገለ ሠራተኛ 3 ወር እንደሚያገኝ ሲታሰብ፣ ነባር ሠራተኛ በቅነሳ ወቅት አንድ ወር ያጣል ማለት ነው። ይህ በጥሞና ሊታይ የሚገባው የአዋጁ ገጽታ ነው። አሠሪው ጊዜውን ካልጠበቀ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ ከሌሎቹ ክፍያዎች በተጨማሪ ይከፍላል።

የስንብት ክፍያውን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በወር 6,000 ብር የሚከፈለውና 7 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ አማካይ የቀን ደመወዙ 200 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 6,000 ብር ያገኛል። ለቀሪዎቹ 6 ዓመታት በየዓመቱ የዚሁ አንድ ሦስተኛ፣ በድምሩ 12,000 ብር ይጨመራል። ይህ ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ መብለጥ የለበትም። በቅነሳ የተሰናበተ በመሆኑም በአንቀጽ 40 የ60 ቀን ደመወዝ፣ 12,000 ብር ታክሎለት ጠቅላላው 30,000 ብር ይሆናል። ማስጠንቀቂያ ካልተሰጠው ሌላ 12,000 ብር ይገባዋል።

የ60 ቀኑ ጭማሪ ድርጅት በቋሚነት ሲዘጋም ይሠራል። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ኢትዮጵያም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትታገድ፣ ሠራተኛው ጥፋት ሳይኖርበት በሩቅ በተወሰነ ውሳኔ ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል ታይቷል።

ውሉ ሲቋረጥ ተከፋዩ ሁሉ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ አሠሪው ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ባለሙያው አቤቱታ ሲቀበል በመጀመሪያ የስንብቱን ቀን መመዝገብ ይኖርበታል።