ሥራው የስዊቿ ነው
ስለ ብስክሌት የፍሬን መብራት የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ድምቀቱ ነው። ስለ ስዊቿ የጠየቀኝ የለም። ከኋላ ለሚከተል ባጃጅ «ልቆም ነው» ብላ የምትናገረው ግን እሷ ናት፤ ፍሬን መያዣው ሥር የምትደበቅ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ማይክሮ ስዊች። ብልጭ ድርግም ሲል የሚያመሸው ቀይ መብራት «አለሁ» ከማለት አያልፍም። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያዩ ነጂዎች መብዛታቸው ያሳዝነኛል።

ማይክሮ ስዊችን እ.ኤ.አ. በ1932 የፈለሰፈው ፒተር ማክጎል፣ በአሜሪካ ፍሪፖርት ከተማ የባትሪ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ውስጧ የተወጠረች ስስ የብረት ምላስ አለች። ቁልፉ ሲጫን ምላሷ እስከ አንድ ነጥብ ትታገስና በአንድ አፍታ «ቀጭ» ብላ ወደ ሌላው ጎን ትገለበጣለች። ፍሬኑን ቀስ ብለን ብንይዝም በድንጋጤ ብንጨብጥም የእሷ አገላበጥ ያው ፈጣን ነው። መብራቱ ሳያመነታ የሚበራው በዚህ ምክንያት ነው። የኮምፒዩተር ማውዝ ሲጫን የሚሰማውም ድምፅ የዚህችው ዕቃ ነው።

እግሮቿ ሦስት ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የጋራ ነው። ሁለተኛው ከጋራው ጋር የሚገናኘው ቁልፉ ሲጫን፣ ሦስተኛው ደግሞ ቁልፉ ሲለቀቅ ነው። «ፍሬን መያዝ መጫን አይደል?» ይሉና ሁለተኛውን ይመርጣሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፍሬን መያዣው ስዊቿን ተጭኖ የሚቀመጠው ማንም ሳይነካው ነው፤ ሲጨበጥ ይርቃታል፣ ቁልፏም ይለቀቃል። የሚፈለገው እንግዲህ ሦስተኛው እግር ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ተማሪ ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ስዊቿ ተበላሽታለች፤ ቀኑን ሙሉ ይበራና ፍሬን ስይዝ ይጠፋል» አለኝ። ስዊቿ ምንም አልሆነችም። ሽቦውን ከአንዱ እግር ነቅለን ወደ ሌላው አዞርነው፤ አለቀ። ዕቃ ከመውቀስ በፊት በሜትር መለካት ይገባል። ከአሮጌ ማውዝ የምትወጣዋን በተለይ መለካት ግድ ነው፤ የአንዳንዶቹ ሦስተኛ እግር ሥራ የለውም።

የቀረው ቀላል ነው። ሁለት የባትሪ ድንጋይ 3 ቮልት ይሰጣል፤ ለአንድ ቀይ ኤልኢዲ 47 ኦም ሬዚስተር ይበቃል። ለግራና ለቀኝ ፍሬን ሁለት ስዊች በፓራሌል ይገጠማል፤ የትኛውም ቢያዝ መብራቱ ይበራል። ሽቦው በፍሬኑ ካቦ ጎን በናስትሮ ይታሰራል፣ መሪው ሲዞር እንዳይበጠስ ግን ላላ ይበል። ስዊቿን ለማሰር ብሎ ፍሬን መያዣውን መብሳት ክልክል ነው፤ ብረቱ ይደክማል። ካቦው ተቦጭቆ፣ የፍሬኑ ጎማ አልቆ ሳለ መብራት ለማስገጠም የሚመጣውንም ሰው መጀመሪያ ፍሬንህን አሠራ ብዬ እመልሰዋለሁ።

ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው አቀማመጧ ነው። ፍሬን መያዣው መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ጎማዎቹ ቸርኬውን ሳይነኩ በፊት ስዊቿ መለቀቅ አለባት፤ ከኋላ ያለው ሰው የሚያተርፈው ጊዜ ይኸው ነው። ለመፈተሽ የኋላውን እግር ከመሬት አንስቶ ማሽከርከር፣ ከዚያ ፍሬኑን በዝግታ መሳብ ነው። እግሩ ገና በነፃ እየዞረ መብራቱ ካልበራ፣ ብሎኑን አላልቶ ስዊቿን በጥቂቱ ከመያዣው ማራቅና እንደገና መሞከር ነው።